ነፃው ሲስተም ስንት ያወጣል?

መርካቶ ውስጥ ዋጋ ሳይጠየቅ የሚነሳ ዕቃ የለም። ሲኒማ ራስ አካባቢ ብርድ ልብስ የሚያነሳ ገዢ በመጀመሪያ "ስንት ነው?" ይላል፤ ቀጥሎ "መጨረሻውስ?" ይላል፤ ከዚያም ጥቂት እርምጃ ይሄድና ተጠርቶ ይመለሳል። ዋጋው ዜሮ ነው የተባለ ዕቃ ሲቀርብለት ግን ይኸው ተከራካሪ ገዢ መጠየቁን ያቆማል። በነፃ የሚሰጥ ነገር ምን ያከራክራል?

ሊኑክስ የተባለው የኮምፒዩተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም እንደዚያ ያለ ዕቃ ነው። ኮምፒዩተሩ ከበራበት ደቂቃ ጀምሮ ሃርድ ዲስኩን፣ ማተሚያውንና ኪቦርዱን የሚያዝዘው ይህ ሶፍትዌር የተጻፈበት ኮድ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ይገለብጠዋል፣ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱ ይሰጠዋል፤ የፈቃድ ክፍያ የሚጠይቅ የለም። ሒሳቡ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው። የተጫነው ሲስተም ያረጃል፤ በአዲስ ይተካ ይባላል፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ኮምፒዩተሩ መሀል መንገድ ላይ ይቀራል። ሰኞ ጠዋት ደግሞ የዱቤ መዝገቡ ይፈለጋል።

የዊንዶውስ 10 ስንብት

ጉዳዩ አሁን መነሳቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 በደንቡ የሚቀበለው ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የተባለ የጥበቃ ክፍል ያላቸውንና ፕሮሰሰራቸው በኩባንያው ዝርዝር ውስጥ የተካተተውን ማሽኖች ብቻ ሲሆን፣ ከኢንቴል ምርቶች ዝርዝሩ በጥቅሉ የሚጀምረው ከ8ኛው ትውልድ ነው። ያገለገሉ ዴስክቶፖች ከውጭ ገብተው በሚሸጡበት ገበያ ግን 4ኛ ወይም 6ኛ ትውልድ ማለት ገና ብዙ የሚያገለግል ዕቃ ነው።

አዲስ ግዛ ማለት ቀላል ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ኮምፒዩተር ደግሞ ዋጋው ከዶላር ጋር የሚወጣ ዕቃ ነው። በመሆኑም አሮጌውን ማሽን አቆይቶ በውስጡ ያለውን ሲስተም በሊኑክስ መተካት የሚለው ሐሳብ ቀድሞ ከኮምፒዩተር ተማሪዎች አፍ ሲሰማ ከነበረበት ወጥቶ ወደ ሱቅ ሒሳብ ገብቷል።

እዚህ ላይ ግን በሌላ አገር የማይነሳ ችግር አለ። ሊኑክስን የሚያሞግሱ የፈረንጅ ጽሑፎች ከመቶ ዶላር በላይ የሚያወጣውን የዊንዶውስ ፈቃድ ያስቀራል ይላሉ። ይህ ስሌት መርካቶ ሲደርስ ይፈርሳል። እዚህ ዊንዶውስ ከማሽኑ ጋር ተጭኖ ይመጣል፤ ሲበላሽም ቴክኒሽያኑ ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ፎርማት አድርጎ እንደገና ይጭነዋል። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒዩተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ከሚጠበቁ ሥራዎች መካከል መድቦታል፤ ይሁንና ነጋዴው ለፈቃድ ከፍሎ አያውቅም። የሚከፍለው ለቴክኒሽያኑ እጅ ነው።

እንግዲህ የሚወዳደሩት ሁለት ዜሮዎች ናቸው ማለት ነው። የሁለት ዕቃ ዋጋ እኩል ሲሆን ገዢ የሚመርጠው ጠጋኙ ቅርብ የሆነለትን ነው። ዊንዶውስን የሚጠግን ሰው በየደረጃው ሥር ይገኛል፤ ሊኑክስን የሚጠግን ግን ተፈልጎ፣ ተደውሎለት፣ ከሥራው ወጥቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዕቃ ብዙ ባለሙያ ያፈራል፤ ብዙ ባለሙያ ያለው ዕቃ ደግሞ የበለጠ ተጠቃሚ ይስባል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል የሚባለው እንዲህ ላለው ገበያ ሳይሆን አይቀርም። ሰይጣንነቱ ደግሞ አለ። ያለ ፈቃድ የተጫነው ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ "ክራክ" ከሚባለው መክፈቻ ጋር ቫይረስ ይዞ ይገባል፤ የደኅንነት ማስተካከያ እንዳይቀበልም ሆን ተብሎ ይዘጋል።

አንድ ሱቅ እንደ ምሳሌ

ነገሩን በቁጥር ለማየት አንድ የብርድ ልብስና የአንሶላ ጅምላ ሱቅ በምሳሌነት እንውሰድ። ከሱቁ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ አንድ ያገለገለ ዴስክቶፕ አለ። በውስጡ ሁለት ነገር ተመዝግቧል፤ የገባውና የወጣው ዕቃ፣ እንዲሁም ክፍለ ሀገር ላሉ ደንበኞች በዱቤ የተላከው። ባለ ሱቁ ፊደል ቆጥረዋል እንጂ የኮምፒዩተር ሰው አይደሉም። በ2011 ዓ.ም. ቫይረስ ሲያስቸግራቸው የእህታቸው ልጅ ኡቡንቱ 18.04 የተባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫነላቸው። ልጁ ዛሬ ሥራ ይዞ ከአዲስ አበባ ወጥቷል፤ ሲስተሙ ግን አለ፤ ያለ እንከንም ሠርቷል።

የኡቡንቱ አሠራር እንዲህ ነው። በየ6 ወሩ አዲስ እትም ይወጣል፤ ስሙም ዓመቱና ወሩ ነው፤ 18.04 ማለት እ.ኤ.አ. የ2018 ሚያዝያ እትም ነው። በየ2 ዓመቱ ሚያዝያ ላይ የሚወጣው እትም የ5 ዓመት የነፃ ድጋፍ ሲኖረው፣ በመሀል የሚወጡት ግን የሚደገፉት ለ9 ወር ብቻ ነው። 18.04 መደበኛ ድጋፉ ግንቦት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ተከታዩ 20.04 ደግሞ ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ተከትሎታል። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒዩተሩ ይቆማል ማለት አይደለም፤ አዲስ የተገኙ ቀዳዳዎች አይደፈኑም ማለት ነው። ቀስ በቀስም የኢንተርኔት መክፈቻው ያረጅና የባንክም ሆነ የመንግሥት ገጽ አልከፍት ማለት ይጀምራል።

ባለ ሱቁ "አሻሽል" የሚለውን ቢጫኑስ? የመጀመሪያው አስደንጋጭ ነገር መዝለል አለመፈቀዱ ነው። ከ18.04 ወደ 24.04 በአንድ ጊዜ አይኬድም። መጀመሪያ ወደ 20.04፣ ከዚያ ወደ 22.04፣ ከዚያ ወደ 24.04 ነው፤ ሦስት ደረጃ፣ ሦስት ጊዜ ማውረድ፣ ሦስት ጊዜ ማስነሳት። በእያንዳንዱ ደረጃ የሚወርደው ብዙ ጊዜ ከ1 ጊጋ ባይት በላይ ነው። በስልክ ዳታ ለሚሠራ ሱቅ ይህ የካርድ ወጪ ሲሆን፣ መስመሩ መሀል ላይ ሲቋረጥ ደግሞ ጊዜውም ይጨመርበታል።

ሁለተኛው መብራት ነው። ማሻሻል ሲባል አሮጌው በአንድ ጊዜ ተነስቶ አዲሱ የሚቀመጥ ይመስላል። እውነቱ ሌላ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎች አንድ በአንድ ይፈታሉ፣ ይተካሉ፣ ይሰናዳሉ። በዚያን ሰዓት ሲስተሙ ግማሹ የቀድሞው፣ ግማሹ አዲሱ ነው፤ ሰው ሳይወጣ ጣራው እንደሚቀየር ቤት ማለት ነው። መብራት የጠፋው በዚህ መሀል ከሆነ ዴስክቶፕ ባትሪ የለውም፤ ዩፒኤስ ቢኖርም ባትሪው ያለቀ ከሆነ ከደቂቃዎች በላይ አይዝም። መብራት ሲመለስ የሚታየው ጥቁር ማያ ገጽና የእንግሊዝኛ መስመር ነው። ለሚያውቅ ሰው ይህ ሞት አይደለም፤ በማዳኛው በኩል ገብቶ ያቋረጡትን ጥቅሎች ጨርስ የሚል አንድ ትእዛዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ለባለ ሱቁ ግን ዱቤው ሁሉ የጠፋ ይመስላቸዋል።

ሦስተኛው ከሁሉም የሚያናድደው ሳይሆን አይቀርም። ሥራው ሰዓታት ስለሚፈጅ ባለ ሱቁ ትተውት ይወጣሉ። ሲመለሱ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ኮምፒዩተሩ ገና ድሮ አንድ ጥያቄ ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ነው። ጥያቄው በእንግሊዝኛ ሲሆን፣ ይህ የአሠራር ፋይል ተነካክቷል፤ ያንተን ላቆይ ወይስ የአዘጋጁን ልተካ የሚል ነው። የነካካው በ2011 የእህት ልጅ ነው። ለምን እንደነካካው እሱም ዛሬ አያስታውስ ይሆናል። ዝም ብሎ የቀድሞውን ማቆየት በአብዛኛው አይጎዳም፤ ይህን ግን ማያ ገጹ አይናገርም።

በአንዳንድ ማሽን ላይ ደግሞ ጉዞው ሳይጀመር ያበቃል። ሲጫን ሃርድ ዲስኩ በምሥጢር ቁልፍ እንዲቆለፍ ተደርጎ ከሆነ ማስነሻ ፋይሎቹ የሚቀመጡባት ክፍል ጠባብ ናት። በየጊዜው የወረዱት አሮጌ ከርነሎች ይሞሏትና ቦታ የለም ተብሎ ይቆማል። 32 ቢት የሆነ አሮጌ ማሽን ያለው ደግሞ መድረሻም የለውም። ኡቡንቱ ለ32 ቢት የዴስክቶፕ መጫኛ ማዘጋጀት ያቆመው እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2017 ጀምሮ ነው፤ ለአሮጌ ማሽን መጠጊያ የነበረው ዴቢያንም ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. ባወጣው 13ኛ እትሙ የ32 ቢት መጫኛውን አስቀርቷል።

ተሳክቶ ሲያልቅ

ሦስቱም ደረጃ ተሳካ እንበል። ሰኞ ጠዋት ኮምፒዩተሩ ይነሳል፤ የዱቤ መዝገቡም እንደነበረ ይከፈታል። ማተሚያው ግን ዝም ይላል። የኤች.ፒ. ማተሚያዎች ብዙዎቹ በሊኑክስ ያለ ችግር ይሠራሉ፤ አነስተኛ የካኖን ሌዘር ማተሚያዎች ግን አምራቹ ባወጣው ልዩ ማዘዣ ላይ ስለተንጠለጠሉ በየማሻሻያው እንደገና ማሰናዳት የሚጠይቁ አሉ። ከሌላ ምንጭ የተጨመሩ ፕሮግራሞችም ማሻሻያው ሲጀመር ምንጫቸው ይዘጋል፤ ባለቤቱ ራሱ ካልከፈተው አይታደስም። ገመድ አልባ ኢንተርኔቱ የብሮድኮም ሥሪት ከሆነ ደግሞ ማዘዣው ለአዲሱ ከርነል እንደገና ካልተሠራ ይጠፋል። የሚያስተካክለው ፋይል ያለው ኢንተርኔት ላይ ነው፤ ኢንተርኔቱ ደግሞ የለም።

ከ22.04 ጀምሮ ፋየርፎክስ የሚቀርበው ስናፕ በተባለ አዲስ እሽግ ነው። በአሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፈት መዘግየቱ በመላው ዓለም የተጠቃሚዎች ቅሬታ ነበር፤ አዘጋጆቹም ፍጥነቱን ለማሻሻል ደጋግመው ሠርተውበታል።

አማርኛውስ? የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ሠንጠረዥ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1999 በወጣው 3.0 እትም ነው። በዚህ ሠንጠረዥ የተጻፈ አማርኛ በሊኑክስም በዊንዶውስም እኩል ይነበባል። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎችና ውሎች ግን ፎንቱ ካልተገኘ የላቲን ፊደል ትርምስ ሆነው ይታያሉ። ለመጻፍ ደግሞ በድምፅ የሚያስከትበው ዘዴ በሊኑክስ በነፃ አለ፤ ሆኖም ሲስተሙ እንደ አዲስ ሲጫን አብሮ ስለማይመጣ ለብቻው ተፈልጎ መጨመር አለበት። በዊንዶውስ ፓወር ግዕዝ የለመደ ጸሐፊ እጁን እንደገና ማሰልጠን ይኖርበታል። ይህም ወጪ ነው፤ በደረሰኝ ስለማይመጣ ብቻ አይቆጠርም።

ሲዲው የቀረ ዕለት

ሊኑክስን የጀመረው የፊንላንዱ ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሲሆን፣ ሥራውን ይፋ ያደረገው ነሐሴ 19 ቀን 1983 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ መንግሥት ከተለወጠባት 3 ወር ሊሞላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት መሆኑ ነው። ኡቡንቱን ያቋቋመው ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊው ባለሀብት ማርክ ሻትልወርዝ ነው፤ የመጀመሪያው እትም ጥቅምት 10 ቀን 1997 ዓ.ም. ወጣ። ስሙም ከደቡብ አፍሪካ ቋንቋዎች የተወሰደና በግርድፉ ሰውነት፣ ለሌላው ማሰብ የሚል ትርጉም ያለው ነው።

ኩባንያው ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለጠየቀ ሰው ሁሉ ሲዲውን በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። የፖስታ ሣጥን ቁጥር ላለው ሰው መጠበቅ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ የማጓጓዣውንም ወጪ ላኪው ይችላል። ይህ አገልግሎት በ2003 ዓ.ም. ቆመ። ምክንያቱ ለመረዳት አያስቸግርም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ሲዲ ከመጠበቅ ከኢንተርኔት ማውረድ ይቀላል። በወጪ ስሌት ሲታይ ግን የሆነው ሌላ ነው። የማድረሻው ወጪ አልጠፋም፤ ከላኪው ትከሻ ወርዶ በተቀባዩ ትከሻ ላይ ተቀመጠ። ያኔ እትሙ 700 ሜጋ ባይት በምትይዝ አንዲት ሲዲ ላይ ይገባ ነበር። የ24.04 መጫኛ ወደ 6 ጊጋ ባይት ይጠጋል፤ 8 ሲዲ ያህል ማለት ነው። ኢንተርኔት ርካሽ በሆነበት ከተማ ይህ ልዩነት አይታይም፤ ዳታ በጥቅል በሚገዛበት ግን ይታያል።

አዘጋጆቹም ቢሆኑ ማሻሻል ቀላል ነው አይሉም። ካለፈው የ5 ዓመት እትም ወደ አዲሱ የሚያሻግረው በር ለተራው ተጠቃሚ የሚከፈተው አዲሱ እትም ወጥቶ የመጀመሪያ እርማቱ ከተደረገለት በኋላ ነው። 24.04 ሚያዝያ 17 ቀን 2016 ዓ.ም. ወጣ፤ እርማቱ ከታሰበለት ቀን 2 ሳምንት ዘግይቶ ነሐሴ 23 ቀን ደረሰ። ከ22.04 የሚያሻግረው በር ከተከፈተ በኋላም በማሻሻያ ፕሮግራሙ ላይ ከባድ ስህተት ስለተገኘ ተመልሶ ተዘጋ፤ ተስተካክሎ እስኪከፈትም ተጠቃሚው መጠበቅ ነበረበት። ሙያው ይህ የሆነ ኩባንያ የሚሰናከልበትን ነገር ብርድ ልብስ ነጋዴ በአንድ ቅዳሜ ይወጣው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

የቱ ያዋጣል?

ሒሳቡን የሚያውቁ ሰዎች ሦስት ደረጃ ከመውጣት ይልቅ አንድ ጊዜ እንደ አዲስ መጫንን ይመርጣሉ። መዝገቡ በሌላ ዲስክ ተገልብጦ፣ 24.04 ከፍላሽ ተጭኖ፣ መዝገቡ ሲመለስ ማሽኑ ፈጣን ከሆነና እጁ ካልሳተ ሥራው የአንድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ መብራት መሀል ላይ ቢጠፋም ከመጀመሪያው መጀመር ብቻ ነው። ዋናው ቁም ነገር ደግሞ ወጪው የሚከፋፈል መሆኑ ነው። 6 ጊጋ ባይቱን አንድ ቴክኒሽያን አንዴ ያወርደዋል፤ ያንኑ ፍላሽ ይዞ መቶ ሱቅ ቢገባ የእያንዳንዱ ሱቅ የዳታ ድርሻ ከምንም አይቆጠርም። ፈቃዱ ይህን አይከለክልም፤ እንዲያውም ገልብጡ ይላል። ዊንዶውስን በፍላሽ ይዞ የሚዞረው ቴክኒሽያን የሚሠራው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እሱ የሚሠራው ከአዋጁ ውጭ መሆኑ ነው።

ቅጂው የት ይቀመጥ የሚለው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የተነሳው ቃጠሎ ሱቅ ውስጥ ለተቀመጠ ነገር ዲስክና ወረቀት ብሎ የሚለይ አልነበረም። በዚያው ዓመት የደረሰኝና የክምችት ቁጥጥሩ ሲጠብቅም መዝገብ የሌለው ነጋዴ ምን እንደሚገጥመው ገበያው አይቷል። ከኮምፒዩተሩ ጎን መሳቢያ ውስጥ ያለ ፍላሽ ቅጂ አይባልም፤ ማታ ወደ ቤት መሄድ አለበት።

ሁሉም ሰው ግን ይሸጋገር ማለት አይደለም። የሒሳብ ሥራው በፒችትሪ የተያዘ ድርጅት ፕሮግራሙ የተሠራው ለዊንዶውስ ስለሆነ ሊኑክስ ይገባለታል ብሎ መገመት የለበትም። በሠንጠረዥ፣ በደብዳቤና በኢንተርኔት ብቻ ለሚሠራ ሱቅ ነው ስሌቱ የሚያዋጣው።

ለብርድ ልብስ ነጋዴው ደግሞ ማያ ገጹ ጎልቶ ያልነገራቸው ሌላ አማራጭ አለ። ኩባንያው ኡቡንቱ ፕሮ በሚል ስም ለ5 ዓመቱ እትሞች ተጨማሪ 5 ዓመት የደኅንነት ማስተካከያ ይሰጣል፤ ለግለሰብና ለአነስተኛ ንግድ እስከ 5 ኮምፒዩተር ድረስ በነፃ ነው። በዚህ ስሌት በ2011 የተጫነው 18.04 እ.ኤ.አ. እስከ ሚያዝያ 2028፣ ማለትም እስከ 2020 ዓ.ም. ድረስ ሳይነካ መቆየት ይችላል። የሚጠየቀው የኢሜይል አድራሻ፣ አንድ ምዝገባና ከዚያ የሚገኘውን ቁጥር በአንድ መስመር መጻፍ ነው። የእህት ልጅ በስልክ እየነገራቸው ባለ ሱቁ ራሳቸው በአሥር ደቂቃ ሊጨርሱት ይችላሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሳይሆን ጠዋት፣ ሱቁ ሳይሞላ።